ከጠበሉ ሥር

«መሪጌታ አካለ ወልድ፣ ይግቡ!» አሉ አጥማቂው አባ ኃይለ ጊዮርጊስ።

መሪጌታ ጋቢያቸውን ለልጃቸው ለፈንታነሽ ሰጥተው የአንገታቸውን ሻሽ ፈቱ። አንገታቸው ላይ ያለው ቀዳዳ ሲታይ የተሰለፈው ሰው ፊቱን አዞረ። አምና ማንቁርታቸው ላይ ብዙ ሰው ላይ የማይታይ ዓይነት ካንሰር ወጥቶባቸው፣ የአዲስ አበባ ሐኪሞች ማንቁርቱን ቆርጠው አወጡት። ከዚያ ወዲህ የሚተነፍሱት በአንገታቸው ነው፤ ድምፃቸው ግን ላይመለስ ሄደ።

ቢቸና ያለው ቤታቸውም ጭር አለ። የቅኔ ተማሪዎቻቸው ወደ ደብረ ወርቅ ሄዱ፤ መምህር ካልተናገረ ቅኔ ከማን ይማሩ? የፈንታነሽ ጓደኞችም «በሽታው ይጋባል» ብለው ሸሿት። ክፍል ውስጥ ብቻዋን ትቀመጣለች፤ እናቷ ከሞተች ቆይታለች፤ ማታም ከአባቷ ጋር ዝም ብለው ይበላሉ። ብቸኝነቱ አንገፍግፏታል።

ስለዚህ አክስቷ እትዬ ጥሩአየሁ «የሞጣው ጠበል ያናግራቸዋል» ስትል ከሁሉም በላይ የጓጓችው እሷ ነበረች። የሚጠጣ ነበር የመሰላት። አሁን ግን ውሃው ከገደሉ አናት እየተምዘገዘገ ሰው ላይ ሲወርድ አየች። ከቀበሌ የጉዞ ይለፍ ወረቀት አውጥታ አዲስ አበባ ድረስ ያስታመመቻቸው እሷ ስለነበረች፣ ሐኪሙ የነገራት ትዝ አላት፦ በዚያ ቀዳዳ የገባ ውሃ በቀጥታ ሳንባ ውስጥ ነው የሚወርደው።

«እትዬ፣ መጠመቅ የለባቸውም! ይታፈናሉ!» አለቻት አጠገቧ ለቆመችው አክስቷ።

«አፍሽን ያዥ! በጠበል የሞተ ማን አለ?»

«ቀዳዳውን በነጠላሽ ሸፍኝላቸው፣ ልጄ» አሉ አጥማቂው።

«ከተሸፈነም መተንፈሻ የላቸውም፣ አባ።»

አባቷ ዞረው አዩዋት። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ከንፈር ማንበብ ለምዳለች።

«ተይኝ» አሏት፤ ወደ ውሃውም ተራመዱ።

ተስፋቸው ይኸው ብቻ እንደሆነ ታውቃለች። እሱንም ከነጠቀቻቸው በዚያ ጭር ባለ ቤት ውስጥ ማን ቀና ብሎ ያያታል? ጋቢውን ጣለችና ቀድማቸው ውሃው ሥር ገብታ ቆመች። ቅዝቃዜው ትንፋሿን ቆረጠው።

«ይጠጡት፣ አባባ። እዚህ ግን አይገቡም።»

ትከሻዋን ይዘው ሊገፏት ሞከሩ። ዓይናቸው በቁጣ ቀልቷል። እንዲህ ተቆጥተዋት አያውቁም።

ፈንታነሽ ንቅንቅ አላለችም። አኩርፈውም ቢሆን ይኑሩልኝ አለች በልቧ።