ጥሩ ስኮር የነበረው ሰው

ልዑልሰገድ አሜሪካ ላንድማርክ ሰፈር ካለው የዘጠነኛ ፎቅ አፓርታማው ወድቆ መኪና ማቆሚያው ላይ ሞቶ ሲገኝ፣ ፖሊሶቹ ሁሉ «ራሱን ነው ያጠፋው» አሉ። ጊዜው እ.ኤ.አ. 2008፣ ብድር መክፈል ያቃታቸው ሁሉ ቤታቸውን የሚነጠቁበት ዘመን ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ የነበረውን ቤቱን ባንክ ከወሰደበት ገና መንፈቁ ነበር።

መርማሪ ወርቅውሃ ግን የበረንዳውን በር ሞከረችው። ከውስጥ ተቆልፏል።

መጀመሪያ የጠየቀችው ከሟቹ ጋር አንድ ታክሲ በፈረቃ የሚነዳውን ንጉሡን ነበር።

«ዛሬ ቀትር ላይ ደወለልኝ» አላት። «የድሮ ጎረቤቱን፣ ነጩን፣ ኤርፖርት ሲያደርስ ሰውየው አጫወተው። ክሬዲት ስኮሩ፣ የብድር ነጥቡ፣ ከልዑልሰገድ ያነሰ ሆኖ ሳለ፣ ያው ልዑልሰገድን ለቤቱ ያበደረው ቢሮ ርካሹን ብድር ሰጥቶታል። ለልዑልሰገድ ግን ወለዱ የናረውን ነው የሰጡት። ‹ለማንም አትንገር፤ እኔው ደላላውን ጠርቼ አናግረዋለሁ› አለኝ። እኔም አልተነፈስኩም።»

ብድሩን ያስጨረሰው ደላላ የሟቹ ሚስት ታላቅ ወንድም ኪራኮስ ነው።

«መቼ ነው የተገናኛችሁት?» አለችው ወርቅውሃ።

«ተኳርፈን ነበር። ድምፁን ከሰማሁ ወር አለፈኝ።»

«ታዲያ ምን አስጨነቀው ይላሉ?»

«ነጩ በትንሽ ስኮር ርካሹን እንዳገኘ ሲሰማ ልቡ ተሰበረ።»

ወርቅውሃ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበች። ሚስቱ እታለማሁ የሆቴል ዩኒፎርሟን አላወለቀችም።

«የወደቀ ሰው ተመልሶ በር አይቆልፍም» አለች ወርቅውሃ። «እትዬ እታለማሁ ሥራ ላይ፣ ንጉሡም ከተሳፋሪ ጋር ነበሩ፤ አረጋግጫለሁ። ልዑልሰገድ ስለ ነጩ የሰማው ዛሬ ቀትር ላይ ነው። አቶ ኪራኮስ፣ ወር ሙሉ ድምፁን ያልሰሙት ሰው ልቡ እንደተሰበረ ማን ነገረዎት?»



«በቤተክርስቲያን ሰው ፊት አዋርድሃለሁ አለኝ፤ ገፋሁት» አለ ኪራኮስ። «ቢሮው ለጥቁር ውዱን ብድር ስናስፈርም ነበር ጉርሻ የሚሰጠን። ስኮሩን ማን ያየዋል?»

«እኛንም?» አለች እህቱ።

«የሚያምነኝ የናንተ ቤት ነበር።»

በካቴና ይዘውት ሲወጡ የሕንፃው ሥራ አስኪያጅ በር ላይ ቆሞ ነበር። ባልና ሚስቱ ቤታቸውን ሲያጡ ስኮራቸው አብሮ ስለወደቀ፣ ይህን አፓርታማ የተከራዩት በኪራኮስ ዋስትና ነው። ውሉ በወሩ መጨረሻ ያበቃል።

«ዋስ ካልፈረመ አላድስም» አላት እታለማሁን። «የእርስዎን ስኮር አይቼዋለሁ።»

እታለማሁ ውሉን ተቀብላ ሊፍቱ ጋ ደረሰችባቸው። እስክሪብቶውን ለወንድሟ ዘረጋችለት።

«ጋሼ» አለችው፣ «ሳትሄድ ፈርምልኝ።»

ወርቅውሃ ቀኝ እጁን ፈታችለት።