የወይዘሮ ሞይራን ሜፕል ማን ገደለው?

ዛፉ ሞቷል። በመስከረም ሠፈሩ ሁሉ ሲያብብ የወይዘሮ ሞይራ ሜፕል አንዲት ቅጠል አላወጣም።

ሳጅን ትሩዲ ተንበርክካ አፈሩን ገለጥ ገለጥ አደረገች። ሥሩ በመሰርሰሪያ ተበሳስቷል። የአረም ማጥፊያ መርዝ ይሸታል። ቱ! በታዝማኒያ ደሴት ዳርቻ ባሕር ለማየት ብሎ የሰው ዛፍ የሚመርዝ ሞልቷል፤ እሷ ግን ዛሬም አልለመደችውም።

"በሚያዝያ ቅጠሉ ቀልቶ እሳት ይመስል ነበር" አለች ሞይራ። "ክረምት ቅጠሉ ረግፎ እንኳ ቅርንጫፉ ይቀላል። እሱ እያለ ከዚህ ቤት አልወጣም ብዬ ነበር።"

ልጇ ክሬግ ትከሻዋን አቀፋት። "በቃ እማዬ፣ አታልቅሺ። ዴዝሞንድ ነው እንጂ ሌላ ማን ይሆናል?"

ዴዝሞንድ ከዳገቱ በላይ ያለው ጎረቤት ነው። ትሩዲ ልትጠይቀው ስትሄድ በሩ ላይ ቆሞ ተቆጣ።

"ባሕሩን ጋረደብኝ ብዬ ሰድቤዋለሁ፣ አልዋሽም። ዛፍ የሚመርዝ ግን እጁ ይቆረጥ!"

"ግቢዋ ገብተው ያውቃሉ?"

"እግሬም ረግጦት አያውቅ!"

ትሩዲ ወደ ሞይራ ግቢ ተመለሰች። ዳፎዲል የሚባሉት አበቦች የዛፉን ግንድ ከበው ቢጫ በቢጫ ሆነዋል። የተቆፈረው በመሃላቸው ባለች ጠባብ ክፍተት ነው፤ ቦታው እሷ እስክትገልጠው ሣር ለብሶ ነበር።

"ይሄ ከክረምት በፊት የተቆፈረ ነው። ክሬግ፣ አበቦቹ ያኔ የት ነበሩ?"

"መሬት ውስጥ ነዋ። እንደ ሽንኩርት ተቀብረው።"

"ከላይ ምንም አይታይም?"

"ምንም።"

"ታዲያ አካፋው አንዱንም ሳይነካ እንዴት አለፈ? ዴዝሞንድ ቢሆን ይከታትፋቸው ነበር። የት እንዳሉ የሚያውቅ ማነው?"

ክሬግ ከግንዱ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

"ልጅ ሆኖ ከአባቱ ጋር የተከላቸው እሱ ነው" አለች ሞይራ፣ ድምፅዋ ተሰብሮ።

"ለአንቺ ብዬ ነው!" ብሎ ጮኸ። "የአረጋውያን መጦሪያ ግቢ ብዬ ስንቴ ለመንኩሽ? አንቺ ግን ዛፌ፣ ዛፌ! ነገ ደረጃው ላይ ወድቀሽ ብትሞቺስ?"

"ቤቱም ገዢ አግኝቷል፣ አይደል?" አለች ትሩዲ።

ክሬግ አንገቱን ደፋ። ትሩዲ ፊቱን ማየት አስጠላት። በዚያው እጁ እኮ ነው እናቱን ሲያባብል የነበረው!

"እማማ፣ ልጅዎ ነው። ልክሰሰው?"

"ክሰሺው።" ሞይራ መዳፏን ወደ ልጇ ዘረጋች። "የቤቴን ቁልፍ።"

ክሬግ አውጥቶ ሰጣት። ቁልፉን ኪሷ ከመክተቷ በፊት በሽርጧ ደጋግማ ጠረገችው።