በቀጨማ ዳቦ ቤት አልነበረም

«የምን ዳቦ ቤት?» አሉ ጋሽ ገብረየስ።

ዕድላዊት ድምፅ የሚቀዳውን ስልኳን ወደ እሳቸው ገፋ አደረገችው። አልሰሟት ይሆናል። «የአያቴ የአበዛሽ ዳቦ ቤት። ቀጨማ የነበረው። እርስዎ እዚያ መምህር ነበሩ አይደል?»

«ነበርኩ እንጂ። አርባ ሁለት ቤት ያላት መንደር ናት። ዳቦ የምናየው ከተማ የሄደ ሰው በጋዜጣ ጠቅልሎ ሲያመጣልን ነው።» ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን መሃል ላይ ቆመ። «ዳቦ ቤት ያለችሽ እናትሽ ናት?»

የክፍል ጓደኛዋ ሂክማ እጇን ከብስኩቱ ሳህን ላይ አነሳች።

ሁለቱ ልጆች አበሻ የሚበዛበት የውጭ አገር ሰፈር፣ ስካይላይን ውስጥ ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበሩ። ሊፍት ውስጥ «ስንተኛ ልጫንልሽ?» የሚባለው በአማርኛ የሆነበት ሕንፃ ነው። ያመጣቸው የታሪክ ትምህርት ፕሮጀክት ነው፤ «አሁን የሌለ ቦታ» ፈልጋችሁ አጥኑ ተብለዋል። ግማሹ ክፍል ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የተዘጋ ሱቅ መረጠ። ዕድላዊትና ሂክማ ባሕር ተሻግረው የአያትን ዳቦ ቤት መረጡና ዘጠኝ ስላይድ ሠሩ። ፎቶ ስላልነበራቸው ከኢንተርኔት ያወረዱት ዳቦ ክንድ የሚያህል የፈረንሳይ ዳቦ ነው፤ ቀጨማ ብታየው ዱላ መስሏት ከብት ትነዳበት ነበር።

ለመምህርቷ ይህ ይበቃል። ለዕድላዊት አልበቃትም። አያቷ የሞተችው እሷ ሳትወለድ ነው፤ ቤት ውስጥ አንድም ፎቶዋ የለም። አንዳንዴ መስታወት ፊት ቆማ ከእናቷም ከአባቷም ያልመጣ የፊቷን ክፍል ትፈልጋለች። አገጯ የማንም አይመስልም። እናቷ ልዕልት ስለ እናቷ የምትናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ እሱንም ቤተ ክርስቲያን ቆማ ስትመሰክር። «እናቴ ዳቦ ሸጣ አሳደገችን፣ ጌታ ይመስገን።» ሐሙስ ፕሮጀክቱ ሲቀርብ እንዲሰሙ አራት የመዘምራን እህቶችን ጋብዛለች።

«ጠላ ቤት ነበር» አሉ ጋሽ ገብረየስ።

«ኦ ማይ ጋድ!» አለች ሂክማ። «አንዷ ጴንጤ፣ አንዷ ሙስሊም፣ ስለ ጠላ ቤት ልናቀርብ? አባቴ ያብዳል!»

«ዝም በይ፣ እየቀዳን ነው።»

ጋሽ ገብረየስ ወደ ፊት ጠጋ አሉ። «በሩ ላይ ዘንግ ተተክሎ ጣሳ ይደፋበታል። ጣሳውን ያየ፣ ጠላ እንዳለ ያውቅና ይገባል። ከትምህርት ቤት ስወጣ መጀመሪያ ዓይኔ የሚፈልገው ያንን ጣሳ ነበር። ደብዳቤ የሚነበበው እዚያ፣ ሽምግልና የሚቀመጡት እዚያ። የተጣላ ሰው እንኳ ጎን ለጎን ይቀመጣል፤ ሌላ መቀመጫ የለማ! አበዛሽ ደግሞ ምላሷ! አንድ ቀን ‹መምህር፣ ሁለት ብቻ ብለህ አራት የምትጠጣው፣ ለልጆቹም ቁጥር የምታስተምረው እንዲህ ነው?› ብላ ቤቱን ሁሉ አሳቀችብኝ።»

ዕድላዊት ሳታስበው ሳቀች። አያቷ አስቃት አታውቅም ነበር።

«ወጉ ግን አንድ ነው» አሉ። «ሻጯ ትንሽ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ መጀመሪያ ራሷ ትቀምሳለች። ንጹሕ ነው፣ ጠጡ ማለት ነው። ሳትቀምስ የቀዳችውን ማንም አይነካም።»

«ከዚያስ?»

በመስኮቱ ቁልቁል መኪኖቹን አዩ። «ከዚያ ጌታን ተቀበለች። ያኔ ጴንጤ መሆን ቀልድ እንዳይመስልሽ። ግን የጠመቀችው ሁለት ጋን ነበር፤ ልጆቿ የሚበሉት ከዚያ ነው። ይሄን ልሽጥና እተዋለሁ አለች። ቀዳችልን። አልቀመሰችም። አንዱ ‹ቅመሺልን እንጂ› አላት። ‹እኔ ከእንግዲህ አልቀምስም› አለች። ‹ግን አበዛሽ ነኝ። ታውቁኛላችሁ።›»

«ማንም አልጠጣም?»

«መጀመሪያ አስቀምጦ የተነሣው እኔ ነኝ።» ድምፃቸው ወረደ። «የተማርኩት እኔ! እኔ ብጠጣ ሌላውም ይጠጣ ነበር። በነጋታው መንደሩ መርዘኛ አላት። እናትሽ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ልጆች ‹የመርዘኛዋ ልጅ› እያሉ ከወንዝ ያባርሯት ጀመር። አበዛሽ ጣሳውን ከዘንጉ አወረደች። አዲሶቹ የእምነት ወንድሞቿ ደግሞ ጠላ ሻጭ ነበረች ብለው በሩቁ ሰላም ይሏታል። በሁለቱም በኩል ብቻዋን ቀረች።» ጉልበታቸውን አሻሹ። «ለእናትሽ ልናዘዝ ብዬ ስንቴ ስልክ አነሳሁ። ጤናዋን ጠይቄ እዘጋለሁ።»

ዕድላዊት መቅጃውን አጠፋችው።

ልዕልት መኪናዋን ሕንፃው በር ላይ አቁማ እየጠበቀቻቸው ነበር። ሂክማ ከኋላ፣ ዕድላዊት ከፊት ገቡ። ልዕልት ሞተሩን አላስነሳችም።

«ስለ ዳቦ ቤቱ ነገሩሽ?»

አዎ ማለት ቀላል ነበር። ሐሙስ ያልፋል፣ አራቱ እህቶች ያጨበጭባሉ፣ የፈረንሳዩም ዳቦ በሰላም ይኖራል። ግን ለጋሽ ገብረየስ ደውላ ቀጠሮውን ያመቻቸችው ማን ነች? እናቷ። ውሸቱ እንዳይገለጥበት የሚፈልግ ሰው ልጁን በራሱ መኪና ወደ ብቸኛው ምስክር አያደርስም።

«ማሚ፣ ዳቦ ቤት አልነበረም።»

ልዕልት የቆመችውን መኪና መሪ በሁለት እጇ ያዘች።

«ያን ቀን ጓዳ ነበርኩ» አለች። «ጣሳ እያጠብኩ። ‹ቅመሺልን› ሲሏት ሰማሁ። የመለሰችውን ግን አልሰማሁም፤ ጣሳው ይንኳኳል። ብቅ ስል ሁሉም እየወጡ ነው። ስንት ጊዜ ጠየቅኳት! ‹ተይው› ትለኛለች። ‹ተይው› እንዳለችኝ ሞተች።» ወደ ልጇ ዞረች። «ምን እንዳለች ነገሩሽ?»

ዕድላዊት እናቷን እንደዚህ ስትጠይቅ ሰምታት አታውቅም፤ ታላቅ እህቷን ‹ደብዳቤውን አንብቢልኝ› ብላ የምትለምን ትንሽ ልጅ ትመስላለች።

«‹እኔ ከእንግዲህ አልቀምስም። ግን አበዛሽ ነኝ፣ ታውቁኛላችሁ› ነው ያለችው።»

የልዕልት ከንፈር ተንቀሳቀሰ። «ታውቁኛላችሁ» አለች ቀስ ብላ፤ እንደገናም አለችው። «አዎ። እንደዚህ ነው የምትናገረው። ድምፅዋን እንኳ ረስቼው ነበር።» በሹራቧ እጅጌ ዓይኗን ጠረገች። «መጀመሪያ የተነሣው ማን ነበር?»

ዕድላዊት ስልኳን ጭኗ ላይ ገለበጠችው።

«እሱን ጋሽ ገብረየስ ይንገሩሽ። ሊነግሩሽ ይፈልጋሉ። ስልክ ላይ ነው ያቃታቸው።»

ልዕልት ልጇን አየቻት፤ ከዚያ ሕንፃውን። ገብቷት እንደሆነ ፊቷ አልተናገረም። «እዚህ መቆም የሚፈቀደው አሥራ አምስት ደቂቃ ነው» አለችና በሩን ከፍታ ወረደች።

«እንከተላት!» አለች ሂክማ ቀበቶዋን እየፈታች። «ዋናው ክፍል እኮ እሱ ነው!»

ዕድላዊት እጇ በሩ ላይ ነበር። እናቷ ምን እንደምትል፣ ጋሽ ገብረየስ አሁንስ ሳይዘጉ ይጨርሱት እንደሆነ፣ ስለ አያቷ ሌላ ያልተነገራት ምን እንዳለ፣ ሁሉንም ለመስማት ቋምጣለች። እጇን መለሰችው።

«አንከተላትም።»

«ሐሙስስ ምን ልንል ነው?»

«‹ጠላ ቤት ነበር› እንላለን። የቀረውን ማሚ ከፈቀደችልን።»

«ካልፈቀደችስ?»

«‹ጠላ ቤት ነበር› ብለን እንቀመጣለን።»

«በአንድ ዓረፍተ ነገር? ኤፍ እኮ ነው የሚሰጡን!»

«እሺ» አለች ዕድላዊት። አሥራ አምስቱ ደቂቃ ቢያልፍም እንዳያስነሷቸው የመኪናውን የድንገተኛ መብራት አበራችና ወንበሯን ወደ ኋላ ለቀቅ አደረገችው።