ላብ የሚወደው

ወዳጄ፣ እኔ ጂን፣ ዛር፣ የውሃ አውሬ ሲባል ከሚስቁት ወገን ነኝ፣ ደሴ ከተማ ሳይክል ስጠግን ያደግሁ ሰው ነኝ፣ የማምነው በእጄ የፈታሁትንና በእጄ የገጠምሁትን ብቻ ነው፣ አሁንም ቢሆን ጎረቤቴ ሌሊት ኮቴ ሰማሁ ስትለኝ አይጥ ነው ብዬ ነው የማልፋት። ይችን አንዷን ግን አይጥ ነው ብዬ ማለፍ አቅቶኛል፣ ሳወራት እንኳ ምራቄ ይመረኛል።

በደርግ ጊዜ ነው። እኔና አብሮ አደጌ መስፍን ለክፍለ ሀገሩ የሳይክል ውድድር እንዘጋጅ ነበርና ከደሴ ተነስተን ላሊበላ ደርሰን እንመለስ ተባባልን። ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አወጣን፣ ወልዲያ አደርን፣ በማግስቱ ቻይናዎች የሠሩትን መንገድ ዳገቱን ስንገፋ ውለን ጋሸና አደርን፣ በሦስተኛው ቀን ወደ ላሊበላ ስንታጠፍ በረዶ ያዘን፣ የመስፍን ጉልበትም አበጠ። መንገድ ላይ ያገኘነው አህያ ነጂ ከሸንተረሩ ወዲያ ሐይቅ ዳር መንደር እንዳለ አመለከተንና ሳይክላችንን እየገፋን በቀጭኑ መንገድ ወረድን። የመንደሩን ስም አልነግርህም፣ ሰዎቹ አሁንም አሉ።

ሐይቁ ትንሽ ነው፣ ተራሮች ከበውታል፣ ውሃው አይንቀሳቀስም፣ ሽታው ግን ገና ከሩቅ ተቀበለን፣ የተበላሸ እንቁላልና የታመመ ሰው አፍ አንድ ላይ በለው። መንደሩ ጭር ብሏል፣ ውሻ አልጮኸብንም፣ ዶሮ የሚባል የለም። ላሞቹን አየኋቸው፣ ጎናቸው ላይ ፀጉሩ ወደ አንድ በኩል ተለጥፎ ተኝቷል፣ አንዳንዱ ቦታ ጨርሶ ተልጦ ቆዳው ቀልቶ ያብለጨልጫል። ራሳቸውን ልሰው ነው አልኩ፣ ላም ራሷን ትልሳለችና።

የተቀበሉን አያ በሪሁን ናቸው፣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ሽበታም ረጅም ሰው። ወረቀታችንን ገልብጠው አዩና እቤታቸው አስገቡን፣ ቆሎ ሰጡን፣ ቀጥለው በገበቴ ውሃ አመጡ፣ አመድ በጥብጠውበታል።

"ታጠቡ ልጆቼ። እጃችሁንም፣ አንገታችሁንም። ላብ ይዛችሁ እንዳትተኙ።"

"ውሃው ከየት ነው አያ?" አልኳቸው።

"ከሐይቁ ነዋ።"

አሸተትኩት፣ ያው ሽታ ነው፣ ላዩ ላይ ደግሞ እንደ ንፍጥ የሚሳብ ነገር ይንሳፈፋል። "ይቅርብኝ፣ አልቆሸሽኩም" አልኩ።

"አጉል እምነት ይውደም ስል ነው ስብሰባ የምውለው" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ "ይኼ እምነት አይደለም ልጄ። ላብ ይወዳል።"

"ማን?"

ገበቴውን ወደ መስፍን ገፉት። መስፍን ሽማግሌውን ላለማስቀየም ዓይኑን ጨፍኖ ታጠበ፣ እኔ ሳቅሁና መደቡ ላይ ተጋደምኩ። እሳቸው ከብት ሊሰበስቡ ወጡ።

ሰዓቱ ቢሆን ዘጠኝ ነው፣ ቀን ነው እኮ የምነግርህ፣ ከሐይቁ ጉም ተነስቶ በሩን ነጭ አደረገው። እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል ውጭ ግድግዳው ላይ ያስደገፍኳት ሳይክሌ ደወሏ ቅጭል አለ፣ አንዴ ብቻ። ቀጥሎ የሰንሰለቷ፣ የካቴናው ድምፅ፣ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ የሚዞር፣ በመሃሉ ደግሞ ጥጃ ጡት ሲጠባ እንደሚያሰማው ያለ እርጥብ ድምፅ። ጥጃ ነው አልኩ፣ ተኛሁ።

የነቃሁት ቀኝ እጄ ከመደቡ ወርዶ ሲላስ ነው። እመነኝ፣ የላም ምላስ አውቃለሁ፣ እንደ ሞረድ ይሻክራል፤ ይኼ ግን ለስላሳ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ አይቸኩልም፣ መዳፌን ጨርሶ በየጣቴ መሃል ይገባል፣ ጥፍሬ ሥር የቀረችውን የሳይክል ቅባት፣ ግራሶዋን ሳይቀር ይፈልጋል። "ሂድ!" ብዬ እጄን ነጠቅሁ። ዓይኔን ስገልጥ ቤቱ ውስጥ ከጉም በቀር ምንም የለም። ከመደቡ እስከ በሩ መሬቱ ረጥቧል፣ ኮቴ የለውም፣ ጆንያ የተጎተተበት የሚመስል አንድ ወጥ መስመር ነው። እጄ እስከ ክርኔ እንቁላል የተሰበረበት ይመስላል፣ ቆዳው ቀኑን ሙሉ ልብስ ሲያጥብ እንደዋለ ሰው ተጨማዷል፣ ሽታውን ተወው። መስፍን ከማዶ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቦ ተቀምጧል፣ ዓይኑ ፈጥጧል።

"አየኸው?" አልኩት።

"እንሂድ" አለኝና ጋቢውን ጥሎ ወጣ።

ውጭ ሳይክሎቻችን እንዳቆምናቸው ናቸው። ካቴናቸው ላይ ጠብታ ግራሶ የለም፣ ገና ከሱቅ የወጡ ይመስል ያበራሉ። የቆዳ ኮርቻዬ ነጥቶ አብጧል፣ ስነካው ሙጫ የመሰለ ዝልግልግ ከጣቴ ጋር ተሳበ። በቆምኩበት አስመለሰኝ። አያ በሪሁን ከብቱን እየነዱ መጡ፣ እጄን አዩና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

"ቀኙ ነው ግራው?"

"ቀኙ።"

"የምትበላበት" አሉ፣ ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስላሉ።

"ምንድን ነው አያ? ስሙ ማን ነው?"

"ስም አላወጣንለትም ልጄ። የተጠራ ይመጣላ።"

ላሊበላን ተውነው። መስፍን ያበጠ ጉልበቱን ረስቶ ከፊት ከፊቴ ዳገቱን ገፋ፣ የደረቀው ካቴናችን ጋሸና እስክንገባ ድረስ ይጮህ ነበር። ባገኘሁት ወራጅ ውሃ ሁሉ ታጠብኩ፣ ጋሸና ላይ በላምባ ፈተግሁት፣ ሽታው አለቀቀም። ምግብ ቤት ገብተን ሽሮ ስናዝ መስፍን አስተናጋጇን "ለየብቻ አድርጊው" አላት። እኔና እሱ ከልጅነታችን ጀምሮ ከአንድ ትሪ ነው የበላነው፣ ቢሆንም ደክሞት ነው ብዬ አለፍኩት። ደሴ ገብተንም፣ ዓመት አልፎም፣ ከእኔ ጋር አንድ ማዕድ ቀርቦ አያውቅም።

ሲያገባ ግን ሚዜው እኔ ነበርኩ። ሰው ሁሉ እያየ አጎረስኩት፣ እምቢ ማለት አልቻለም፣ ዋጠና ተነስቶ ወደ ጓሮ ሮጠ። ሲያስመልስ ደረስኩበት፣ ክንዱን ያዝኩት።

"ምን አደረግሁህ? ያን ቀን ምን አይተህ ነው?"

አፉን በሙሽራ ልብሱ እጅጌ ጠረገ፣ ፊቴን ማየት አልፈለገም።

"ልሶህ ጨርሶ ነበር" አለኝ፤ "ሊወጣ በሩ ጋ ደርሶ ነበር። እጅህን መልሰህ የዘረጋህለት አንተ ነህ። እየሳቅህ ጣቶችህን አጎረስከው።"

ተኝቼ ነበር እኮ። እመነኝ ወዳጄ፣ ተኝቼ ነበር።