የተከሳሽ ስም

ኦሎምፒያ አጠገብ ባለ ፎቅ ላይ፣ ሁለተኛው ደርብ፣ ጠበቆች የሚጠቀሙበት የሕግ ቤተ መጻሕፍት ነበር። በ1989 ዓ.ም. መስከረም ላይ አሥራ አራት ካርቶን አዲስ መጽሐፍ ገባለትና ሠራተኛዋ ማኅደር ሦስት ወር ሙሉ አቧራ ስትበላ ከረመች። የፍርድ ቤቶችን ውሳኔ አንድ በአንድ አንብባ፣ በየርዕሱ ለይታ፣ ለእያንዳንዱ በገዛ እጇ ካርድ ጻፈችለት። ቀድሞ ጠበቃው አንዲት ውሳኔ ፍለጋ ከመደርደሪያ መደርደሪያ ሲንከራተት ይውል ነበር።

በካርዶቹ መጀመሪያ የተጠቀመው ኢዮስያስ ነው፤ ፈቃድ ካወጣ ዓመት ያልሞላው ጠበቃ።

«አዋጁ ሳይፈቅድ የተወረሰ ቤት። እንዲህ ያለ ነገር ይኖራችኋል?»

ማኅደር መሳቢያውን ስባ ካርዱን አወጣች። መጽሐፉ ገና ማኅተም አልተመታበትም፤ ደንቡ ደግሞ ሳይመታበት አይወጣም ይላል። ዓይን ዓይኑን አየችውና ሰጠችው። የልቧ ነገር ያኔውኑ አብቅቶለታል።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ መጣ። ስድስት ሰዓት ላይ አብረው ወርደው ምሳ ይበላሉ፤ ስለ ክርክሩ ያወራታል፣ የባለጉዳዮቹን ስም ግን አይጠራም። እሷም አትጠይቅም፤ የሙያው ወግ ነው። ደግሞስ በዚያ ዘመን የከተማው ግማሽ የቤት ክርክር ነበረበት። የገዛ እናቷም ፍርድ ቤት ይመላለሱ ነበር፤ ስትጠይቃቸው ግን «የቀበሌ ጣጣ ነው፣ አንቺ ሥራሽን ሥሪ» ብለው ይዘጉታል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው ለዚህ ነው።

ግንቦት ላይ፣ አንድ ዓርብ፣ ኢዮስያስ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወጣ።

«ፈረዱልኝ። ዳኛው ያንቺን ውሳኔ ከነገጹ ጠቀሱት።»

«የኔ ሆነ ደግሞ?»

«ካለ አንቺ ካርድ እስከ ዛሬም አላገኘውም።»

ደስታው ደፋር አደረጋት። «እሑድ እናቴ ጋ ና» አለችው። ይህን ለማለት አምስት ወር ፈጅቶባታል።

ቤታቸው ከቦሌ ሚካኤል ወረድ ብሎ ነው። ኢዮስያስ ብርቱካኑን አንጠልጥሎ የቆርቆሮው በር ላይ ደረሰ። ለማንኳኳት የተነሣ እጁ እዚያው ቀረ። የቤቱን ቁጥር ያውቀዋል፤ ስንት ወር ከመዝገብ ላይ ሲያነበው ኖሯል። ተከሳሾቹ ቀበሌውና ቤቱን ከቀበሌው ተከራይተው የሚኖሩት ወይዘሮ ደብሪቱ ገብረሰንበት ነበሩ። ማኅደር ገሰሰ ከምትባል ልጅ ጋር ይህ ስም በምን ይገናኛል? ልጅ የምትጠራው በአባቷ ነው።

በሩን የከፈቱት ወይዘሮ ደብሪቱ ናቸው። እንግዳው እስኪሄድ ብለው መረታታቸውን ለልጃቸው አልነገሯትም።

«ጠበቃው» አሉት ቀስ ብለው፤ «ሠላሳ ቀን አልተሰጠንም? ገና በሁለተኛው ቀን ልታስወጣን መጣህ?»

ማኅደር ከኋላቸው ቆማ ሰማች። የተወለደችው እዚያ ቤት ነው፤ የአባቷም ሬሳ የወጣው ከዚያው ነው።

ሰኞ ኢዮስያስ መጽሐፉን ሊመልስ መጣ። ዓይኖቹ እንቅልፍ አላዩም።

«ውክልናውን እተወዋለሁ።»

«ብትተወው ፍርዱ ይመለሳል?»

ኢዮስያስ መጽሐፉን በእጁ አገላበጠው።

«የተከሳሿን ስም ብነግርሽ ኖሮ» አለ።

«እኔም ብጠይቅህ ኖሮ።»

«ይቅርታ ልጠይቃቸው፣ ማኅደር። ሽማግሌ ልላክ።»

«ሽማግሌዎቹ የት ቤት ነው የሚመጡት፣ ኢዮስያስ?»

ትወደው ነበር፤ ጠልታው ቢሆን ኖሮ ይቀላት ነበር። መጽሐፉን ተቀብላ መመለሱን መዘገበች። እሱ ደረጃውን አንድ በአንድ ወረደ።

እናትና ልጅ ኮተቤ አንዲት ክፍል ተከራዩ። እናቷ ዕቃ በፈቱ ቁጥር ይራገማሉ፤ «ያቺን ገጽ አውጥቶ የሰጠው እጅ አይባረክ» ይላሉ። ማኅደር አንገቷን ደፍታ ሳህኖቹን ትደረድራለች። እጇ መሆኑን እስከ ዛሬ አልነገረቻቸውም።

በመጽሐፍ መጠየቂያው ወረቀት ላይ ግን አንድ መስመር ጨመረች፤ የተከሳሽ ሙሉ ስም። ጠበቆቹ «ይህ ደግሞ ምን ያደርግልሻል?» እያሉ ይስቃሉ፤ ሳይሞሉት ግን አትሰጣቸውም።

ኢዮስያስ ራሱ አይመጣም፤ ጸሐፊውን ይልካል። ወረቀቱ በእሱ የእጅ ጽሕፈት ተሞልቶ ይደርሳታል። ማኅደር የተከሳሹን ስም ሁለት ጊዜ ታነበዋለች። ከዚያ ተነሥታ መጽሐፉን ታመጣለች።