ጨው የበላው ፓራፋንጎ

ራጉኤል የሞተው የካቲት ሦስት ቀን ሊነጋጋ ሲል ነው። የመልካ ወረር መምህር ነበር። ወደ ከተማው ከሚያስገባው መገንጠያ አለፍ ብሎ፣ ከአስፋልቱ ዳር ግራጫ ኮቱን እንደ ለበሰ ወድቆ ተገኘ። አንድ ጫማው እግሩ ላይ ነበር፤ ሌላው አሥር እርምጃ ርቋል። የገጨው መኪና አልቆመም።

የቆመው ሌላ ነው። ካሣ የሚባል የጅቡቲ መስመር ሹፌር ሬሳውን አይቶ ከባድ መኪናውን አቆመና ፖሊስ ጠራ። ደግነቱ መዘዝ አመጣበት። የመኪናው የቀኝ መብራት ተሰብሮ ነበር፤ "ድንጋይ ፈንጥሮ ነው" ቢል ማን ይስማው? ይኸው ሁለት ወር አለፈው፣ አዋሽ ታስሮ።

ጉዳዩን የያዘችው ኢንስፔክተር ሙስሊማ ናት። ሰው የማታምን ሴት ናት፤ ካሣን ግን አምናዋለች፣ ይህም ራሷን ያበሳጫታል። ሰኞ ክስ ሊመሠረትበት ነው። ዛሬ ሐሙስ ነው። በእጇ ምንም የለም።

በዚህ መሀል ሁለት ሰዎች እየተጯጯሁ ቢሮዋ ገቡ።

"ይህ ሰው አታለለኝ! ክሴን ጻፊልኝ!" አሉ አንደኛው።

ጋሽ ፍቅረ ሥላሴ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ። አርባ ዓመት ያለፋትን ላንድክሩዘራቸውን አዋሽ ውስጥ የማያውቅ የለም። ከአንድ ልጃቸው ከሜሪ ቀጥሎ የሚወዱት እሷን ነው ይባላል። ቅደም ተከተሉን የሚገለብጡ ምላሰኞችም አሉ።

"ጥር ላይ ጎማውን ከላይ የሚሸፍኑትን የፊት ፓራፋንጎዎች ሁለቱንም ዝገቱን አንስተህ አድስልኝ ብዬ ሰጠሁት። ይኸው የቀኙ ቀለሙ ተነፋፍቶ እየረገፈ ነው። ዝገቱን በስቱኮ ሸፍኖ ቀብቶ ሰጠኝ!"

"ወላሂ የእኔ ሥራ አይደለም!" አለ ሁለተኛው። አህመዲን ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት የመኪና ላሜራ ሲቀጠቅጥና ሲበይድ የኖረ ባቲላሜራ። "ኢንስፔክተር፣ ወጥተሽ እጅሽን ከተሽ ንኪው።"

ወጣች። በግራው ፓራፋንጎ ውስጥ እጇን ሰደደች፤ ጣቶቿ ጥቁርና ወፍራም ቅባት ይዘው ወጡ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"የሻማ ሰም በተቃጠለ ዘይት አቅልጬ ነው። ዝገት ከውጭ አይጀምርም፣ እህቴ። ጭቃ ከሚተኛበት፣ ከውስጥ ነው የሚበላው። የበሰበሰውን ቆርጬ አዲስ ላሜራ እበይድበታለሁ፤ ዝገት የሚከላከለውን አንቲረስት እቀባዋለሁ፤ ከዚያ ውስጡን በዚህ አጠግበዋለሁ። ውሃ አያልፈውም። አሁን የቀኙን ንኪ።"

የቀኙ ደረቅ ነበር። ዝገቱ እጇ ላይ ተፈረፈረ። አህመዲን ከፍርፋሪው ቆንጥሮ ምላሱ ላይ አደረገና እንትፍ አለ።

"ጨው ነው!"

ሙስሊማም ቀመሰችው። ለአፋር ልጅ ጨውን የሚነግራት የለም። የአፍዴራ ጨው ነው።

"ጋሽ ፍቅረ፣ መኪናዎ ጨው ጭና ታውቃለች?"

"የእኔ መኪና? ምን ቆርጧት! ከመልካ ወረር አልፋ አታውቅም።"

ሙስሊማ ወደ አህመዲን ዞረች። ጥርጣሬዋ መጀመሪያ ያረፈው እሱ ላይ ነው።

"ጥሩውን አስቀርተህ የጨው መኪና አሮጌ ገጠምክላቸው?"

"እሳቸውን ጠይቂያቸው። ጥር ሃያ ሲረከቡኝ መኪናዋ ሥር ተኝተው ሁለቱንም በእጃቸው ፈትሸዋል።"

ጋሽ ፍቅረ ሥላሴ የግራውን ፓራፋንጎ ዳሰሱ። ግትር እንጂ ውሸታም አይደሉም።

"እውነቱን ነው። ሁለቱም ቅባት ነበራቸው። ሸሚዜ ተበላሽቶብኛል" አሉ።

"ከዚያ በኋላ መኪናዋ ከእጅዎ ወጥታ ነበር?"

"የለም። ለዓይኔ ሕክምና አዲስ አበባ ስሄድ ግቢ ውስጥ ነው ያቆምኳት። ከጥር ሃያ አምስት ጀምሮ ሁለት ሳምንት ቆይቻለሁ።"

ሙስሊማ ቀኑን በልቧ ቆጠረች። የካቲት ሦስት እዚያው ውስጥ ወደቀች። ጤነኛ ፓራፋንጎ አውልቆ የበሰበሰ የሚገጥም ሰው የሚደብቀው ነገር አለው ማለት ነው። ሽማግሌውንም በጥርጣሬ አየቻቸው። ግን ሰው ገድሎ ማስረጃውን እየነዳ ፖሊስ ጣቢያ የሚመጣ የለም።

"ቁልፉ ማን ዘንድ ነበር?"

"ሹፌሬ አብዮት ዘንድ።"

አብዮት ተጠርቶ መጣ። ገና ሳይቀመጥ ላብ አጠመቀው።

"የካቲት ሦስት የት ነበርክ?"

"ቤቴ።"

"መኪናዋስ?"

አብዮት በሩን በዓይኑ ፈለገ።

"አብዮት፣ መኪናዋስ?"

"አላውቅም።"

"ቁልፉ አንተ ኪስ ውስጥ ሆኖ?"

"አላውቅም አልኩ እኮ!"

ይዋሻል። ጣቢያው በሙሉ ነገሩ አለቀ አለ። ጋሽ ፍቅረ ሥላሴም በር ላይ ቆመው "ማንም ይሁን፣ የሰው ነፍስ ያጠፋ የእጁን ያግኝ!" ይላሉ። ሙስሊማ ግን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለውን አልረሳችም። የአብዮትን ፎቶ በስልኳ አንስታ ወደ ሎጊያ ነዳች።

ከአፍዴራ ጨው የሚያመላልሱት ሁሉ የሚያርፉት ሎጊያ ነው። ያረጀው መኪናቸውም ተገነጣጥሎ የሚሸጠው እዚያው ነው። ጋራዥ ለጋራዥ ስትጠይቅ መሸባት። አራተኛው ላይ ሀሰን የሚባል የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

"የድሮ ላንድክሩዘር፣ የቀኝ ፓራፋንጎ? አዎ፣ የካቲት መጀመሪያ ላይ ቀይሬያለሁ።"

"ያመጣው ይሄ ነው?"

ፎቶውን አየና ሳቀ። "ኧረ ሴት ናት! ብቻዋን ነድታ መጣች። 'ፍየል ገጭቼ ነው፤ አባቴ እንዳያውቅብኝ፣ ቀለሙ አንድ ይሁንልኝ' እያለች ስታለቅስ ዋለች። በፍየል እንዲህ ሲለቀስ አይቼ አላውቅም።"

"የወለቀውስ?"

"እንዲህ ያለ ሥራ ይጣላል እንዴ?" አለና ከጓሮ አወጣላት። መብራቱ ጋ ክፉኛ ተጨርምቷል፤ በስንጥቁ ውስጥ የግራጫ ኮት ክር ተሰክቷል። ውስጡ ግን በሰምና በዘይት እንደ ታሸ ነው።

አርብ ጠዋት ፓራፋንጎው የሙስሊማ ጠረጴዛ ላይ ተጋደመ። ጋሽ ፍቅረ ሥላሴና አህመዲንም ተጠርተው ቆመዋል። ሜሪ ከምትሠራበት መድኃኒት ቤት ተጠርታ መጣች። ዕቃውን ስታየው ተቀመጪ ሳትባል ተቀመጠች።

"ሰመራ የጓደኛዬ ሠርግ ነበር። አባዬ መኪናዋን ለማንም አይሰጥም። አብዮትን እንዳይናገር አስምዬ ቁልፉን ወሰድኩ።"

"ከዚያስ?"

"አላየሁትም። ወደዚያው ስነዳ ድንገት ነው የገጨሁት። ወርጄ ሳየው... ይተነፍስ ነበር።"

"ለምን አላነሳሽውም?"

"ፓራፋንጎውን አየሁት። አባዬ ምን ይለኛል አልኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ቀድሞ የታሰበኝ እሱ ነው። ሰውየው አይደለም።"

ጋሽ ፍቅረ ሥላሴ ግድግዳውን ተደግፈው ሰሙ። ሙስሊማን አሳዘኗት፤ ግን መጠየቅ ነበረባት።

"ጋሽ ፍቅረ፣ ልጅዎ ፍርድ ቤት ቃሏን ልትለውጥ ትችላለች። አህመዲን እርስዎ የከሰሱት ሰው ነው፤ ቃሉ ብቻውን አይበቃም። ይህ ከመኪናዎ የወለቀ መሆኑን ማረጋገጥ ያለብዎት እርስዎ ነዎት። አይደለም ካሉ ነገሩ ይንጠለጠላል፤ ካሣም ሰኞ ይከሰሳል።"

ሽማግሌው ቀረብ አሉ። በደከመ ዓይናቸው ፋንታ እጃቸውን ሰደዱ፤ ከዳር እስከ ዳር ዳሰሱት። የዝገት ፍንጣሪ እንኳ የለውም። አህመዲንን ቀና ብለው አዩትና ለይቅርታ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

"አባዬ" አለች ሜሪ፣ ቀስ ብላ።

እሷን አላዩም። ሙስሊማን ነው ያዩት።

"የእኔ ነው" አሉ። "ልጅቷም የእኔ ናት። ሁለቱንም ጻፊ።"

ጻፈች፤ ፈረሙ። ካሣ ከሰዓት በኋላ ተፈታ። ጋሽ ፍቅረ ሥላሴ ግን የመኪናዋን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ትተው፣ ሜሪ ከታሰረችበት ክፍል በር አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ተነሱ ቢባሉም አልተነሱም።