ስንጥቁ ገደለው የተባለው ሰው

ጂኦሎጂስቱ አንዷለም በውቅር ኪዳነ ምሕረት ደጃፍ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰብሯል፤ አጠገቡ አንድ ድንጋይ በደም ተነክሮ ወድቋል። ያን ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከማዶ ያለው የድንጋይ ማምረቻ ድማሚት አፈንድቶ ነበርና ያገሬው ሰው ፍርዱን ለመስጠት አልዘገየም፤ ድማሚቱ ቤተ ክርስቲያኑን ሰነጠቀው፣ ስንጥቁ ሰው ገደለ።

ከሰቆጣ የተጠራችው ኢንስፔክተር የሺመቤት ግን ሰው ሁሉ በአንድ አፍ ሲናገር የማይጥማት ሴት ናት።

ሟቹ ክረምቱን ሙሉ ስንጥቁን ሲለካ ከርሟል። ማክሰኞ የሚቀመጠው የዞኑ ስብሰባ ማምረቻው ይዘጋ ወይም ይቀጥል ብሎ የሚወስነው እሱ በፈረመበት ሪፖርት ብቻ ነበር። ከአለት የተፈለፈለው ያ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ዕጣው በአንድ ሰው ደብተር ላይ ተንጠልጥሏል፤ የሞተውም ያው ሰው ነው።

የማምረቻው ሥራ አስኪያጅ አቶ አስማረ ላብ እያጠመቃቸው ከካምፕ እንዳልወጡ ማሉ። መለኪያውን ሲሸከም የከረመው ዲያቆን ቢያዝን ከፍንዳታው በፊት ቤቱ እንደገባ እያለቀሰ ተናገረ። ሬሳውን ያገኙት የደብሩ አለቃ ቄስ ካሤ ናቸው።

«አባ፣ ስንጥቁ የት ነው ያለው?»

«ውስጥ ነው፤ ቅኔ ማኅሌቱ ጣሪያ ላይ።»

«በሩስ?»

«ክፍት ነበር። ሲለካ ነው የዋለው።»

የሺመቤት ድንጋዩን አገላብጣ በጥፍሯ ፈተገችው። ከዚያ የግቢውን ካብ ዞራ አየች።

በማግስቱ እሑድ ቅዳሴው ዘገየ፤ ዲያቆን ጎድሎ ከጎረቤት ደብር ሌላ እስኪመጣ ተጠብቆ ነበር። ቢያዝን ጋቢውን ተከናንቦ ከደጅ ቆሟል። ሳያስበው ውሃ ስለጠጣ መቀደስ እንደማይችል ለቄሱ ነግሯቸዋል። የሺመቤት ቤቱ ድረስ ሄዳ እህቱን ባንቺን አነጋገረች።

«ከትናንት ወዲህ እህል ውሃ በአፉ አልዞረም፤ ሐዘኑ ሊገድልብኝ ነው» አለቻት።

ሕዝቡ ሲበተን የሺመቤት ሦስቱን ሰዎች ደጀ ሰላም ሰበሰበቻቸው።

«ይህ ድንጋይ አልወደቀም» አለች። «ከአለት የተገነጠለ ድንጋይ አንድ ጎኑ እንኳ አዲስ ስብራት ይኖረዋል። ይሄኛውን ግን ዙሪያውን የድንጋይ ሽበት ወርሶታል። ከካቡ ላይ የተነሳበትንም ቦታ አግኝቼዋለሁ።»

ዐይን ሁሉ ወደ አስማረ ዞረ።

«አቶ አስማረ፣ ድንጋይ ወደቀ ቢባል የሚከስሩት እርስዎ ነዎት። እንዲህ ያስመሰለው ማምረቻው እንዲዘጋ የሚፈልግ ሰው ነው። ታዲያ ሬሳውን ለምን ከስንጥቁ ሥር አላጋደመውም? በሩ ክፍት ነው፤ ሁለት እርምጃ ነው። ደም ወደ ቤተ መቅደስ ማስገባት ስላልደፈረ ነው።»

ቄስ ካሤ ቀና አሉ። «እኔን ማለትሽ ነው፣ ልጄ?»

«እርስዎ ዛሬ ቀድሰዋል፣ አባ። ያን ደም የፈራ ሰው፣ በዚያው እጁ ታቦት ፊት አይቆምም። ቢያዝን ግን አልቆመም። ቢያዝን፣ እህትህ እንደነገረችኝ ውሃ ያልነካው አፍህ ጠጣሁ ያለው ለምንድን ነው?»

ቢያዝን ጋቢውን ከራሱ ላይ ገፈፈ።

«ደብተሩን አየሁት» አለ። «ስንጥቁ የሚሰፋው በዝናብ ነው፣ በፍንዳታ አይደለም ይላል። ቁጥሩን ለውጥ ብዬ እግሩ ላይ ወደቅሁ። የለካሁትን አልለውጥም ብሎኝ ጀርባውን ሰጠኝ።»

የሺመቤት ከሟቹ ማደሪያ ያመጣችውን ደብተር አውጥታ ቀጣዩን ገጽ አነበበችለት።

«ውሃው አለቱን ውስጥ ለውስጥ በልቶታል። ፍንዳታው እስካሁን ባይጎዳውም፣ ከእንግዲህ አንድ ከባድ ፍንዳታ ጣሪያውን ሊያወርደው ይችላል። ማምረቻው እንዲቆም እመክራለሁ።»

ቢያዝን መሬት ላይ ተቀምጦ እጆቹን ማየት ጀመረ።

«ፈርሞበታል?» አሉ አስማረ በቀስታ።

የሺመቤት ደብተሩን ዘጋችው። የዚህን ጥያቄ መልስ ከተናገረችው ሁሉ ይልቅ ጠላችው።

«ሰኞ ሊፈርም ነበር።»

አስማረ ኮፍያቸውን አድርገው ወደ መኪናቸው ሄዱ። ቄስ ካሤ ለማንም ሳይናገሩ ወደ ውስጥ ገቡና ከስንጥቁ ሥር ያሉትን የብራና መጻሕፍት አንድ በአንድ ማውጣት ጀመሩ።